ራሱን የሚለካ ብረት

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ከተደረደሩት የስልክ ጥገና ቤቶች አንዱ ፊት ቆም ብሎ የተመለከተ ሰው የጥገናው ግማሽ ምን እንደሆነ ቶሎ ይገባዋል። ጠጋኙ የተፈታውን ቦርድ መብራት ሥር አስቀምጦ የቴስተሩን ቀይና ጥቁር ጫፎች እዚህም እዚያም ያሳርፋል። ቁጥሩን ያነባል፣ ወደ ሌላ ነጥብ ያልፋል፣ ደግሞ ያነባል። በር ላይ ረዳቶቹ "ሻሸመኔ! ዲላ!" እያሉ ይጣራሉ፣ ባጃጁ ክላክስ ያደርጋል፤ የእሱ ዓይን ግን ከቁጥሩ አይነሳም። ቻርጅ አልቀበልም ያለው ስልክ የት ላይ እንደተበላሸ የሚነግረው በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ቮልቴጅ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የማስተዋውቃችሁ የፊዚክስ ዘዴም መጨረሻው እንዲሁ ሁለት ሽቦና አንድ የቮልቴጅ ቁጥር ነው። የሚለካው ነገር ግን ከቻርጅ ችግር በጣም ይርቃል። መግነጢሳዊ ሬዞናንስ ይባላል። ብዙዎቻችን ስሙን የሰማነው ከሆስፒታል ነው፤ ታማሚው ተኝቶ የሚገባበት፣ እየተንኳኳ የሚጮኸው ግዙፉ ኤምአርአይ የሚሠራው በአንድ ዓይነቱ ነው። የሱ የቅርብ ዘመድ የሆነ ክስተት ከጠጉር በሺዎች እጥፍ በሳሳ የብረት ሽፋን ውስጥም ይታያል። ይህን ለማየት ለብዙ ዓመታት ሽፋኑን በውድ ዕቃ ማጀብ ግድ ነበር። በኤሌክትሪክ የማንበቢያው ዘዴ ሲመጣ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ ሽፋኑ የሚለካው ናሙና ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለኪውም እሱ ራሱ ሆነ። ለዚህ ዘዴ ትልቅ ግምት የምሰጠውም ስለዚሁ ነው፤ ገንዘቡ ለተመጠነ ቤተ ሙከራ በር ይከፍታልና። በሩ ሲከፈት አብሮ የሚገባ አሳሳች ነገርም አለ፤ እሱን በቦታው በሰፊው እነግራችኋለሁ።

ከመሠረቱ እንነሳ። ኤሌክትሮን ስፒን የሚባል ባሕርይ ስላለው በራሱ ትንሽ ማግኔት ነው። በብረት፣ በኒኬልና በኮባልት ውስጥ እነዚህ ትንንሽ ማግኔቶች እርስ በርስ ተያይዘው በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ውጫዊ መግነጢሳዊ መስክ ባለበት ከሰልፋቸው ትንሽ ቢያዘነብሉ በቀጥታ አይመለሱም፤ በመስኩ አቅጣጫ ዙሪያ እየዞሩ፣ ክቡን ቀስ በቀስ እያጠበቡ ነው የሚመለሱት። ዙረቱ የራሱ ፍጥነት አለው። አንድ ነጻ ኤሌክትሮን በ1 ቴስላ መስክ ውስጥ በሰከንድ 28 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይዞራል። መስኩ ሲቀንስ ዙሩም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

በሐዋሳ ያለው የመሬት መግነጢሳዊ መስክ 35 ማይክሮቴስላ አካባቢ ነው። ስለዚህ ነጻ ኤሌክትሮን እዚህ ከተማ ውስጥ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ይዞራል ማለት ነው፤ ይህም የሬዲዮ መካከለኛ ሞገድ የሚተላለፍበት ክልል ነው። በነገራችን ላይ፣ የእኛ አገር መስክ በዓለም ሳይንስ ዘንድ የታወቀ ነው። የመግነጢስ ወገብ የሚባለው፣ የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ከአድማስ ጋር የሚጋደምበት መስመር፣ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በ1957 እና በ1958 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አባ ፒየር ጉዊን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያውን ያቋቋሙበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር። ሐዋሳ ከመስመሩ በስተደቡብ ስላለች መርፌው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ያዘነብላል።

ወደ ሽፋኑ እንመለስ። ማግኔት በሆነ ብረት ውስጥ ስፒኖቹ ብቻቸውን ስለማይዞሩ ሒሳቡ ከነጻው ኤሌክትሮን ይለያል። ሁሉም ተያይዘው እንደ አንድ ይዞራሉ፤ የሰልፋቸው ጉልበት ራሱ በዙረቱ ላይ ይጨመራል። ፐርማሎይ የሚባለውን ቅይጥ እንውሰድ፤ 80 በመቶው ኒኬል፣ 20 በመቶው ብረት ነው። የውስጥ ማግኔትነቱ ወደ 1 ቴስላ ይጠጋል። 20 ናኖሜትር ውፍረት ያለው የፐርማሎይ ሽፋን፣ ማለትም መቶ ያህል የአቶም ንብርብር፣ በገጹ አቅጣጫ 31 ሚሊቴስላ መስክ ቢያርፍበት ስፒኖቹ በሰከንድ 5 ቢሊዮን ጊዜ ይዞራሉ። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ካፌ ዋይፋይ ከሚያሰራጭባቸው ሁለት ክልሎች አንዱ እዚሁ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። መስኩ ደግሞ የሐዋሳን የመሬት መስክ ዘጠኝ መቶ እጥፍ ያህል ነው፤ ያም ሆኖ በትንሽ ኤሌክትሮማግኔት የሚገኝ ነው።

በዚህ ጊዜ በትክክል ባለ 5 ጊጋኸርዝ ማይክሮዌቭ ቢላክባቸው ስፒኖቹ ከማዕበሉ ጉልበት ይወስዳሉ፤ ዙረታቸውም ይሰፋል። ሬዞናንስ ማለት ይህ ነው። የማይክሮዌቩ ምት ትንሽ ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ ስፒኖቹ ከቁብ አይቆጥሩትም።

የቭጌኒ ዛቮይስኪ የኤሌክትሮን ስፒን ሬዞናንስን በካዛን ከተማ በ1944 አዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግሪፊትስ በኦክስፎርድ ማግኔት በሆኑ ብረቶች ውስጥ ያለውን ሬዞናንስ አገኙ። ያዩት ቁጥር ከተጠበቀው ጋር አልገጥም ብሎ ነበር፤ ምክንያቱን ቻርልስ ኪተል ቆየት ብለው አስረዱ። የናሙናው ቅርጽ፣ ሽፋን መሆኑ ወይም ሉል መሆኑ፣ የዙረቱን ፍጥነት ይለውጠዋል። ከላይ 31 ሚሊቴስላ ያልኩትም በኪተል ቀመር የተሰላ ነው።

የዚያ ዘመን ሰዎች የሚለኩት የጎደለውን ነበር። ማይክሮዌቩን የብረት ግድግዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ያስገባሉ፤ ናሙናውን እዚያው ያስቀምጣሉ፤ የተላከው ጉልበት ሲመለስ ምን ያህል እንደቀነሰ ያነባሉ። ዘዴው አስተማማኝ ነው፣ ዛሬም ይሠራበታል። ችግሩ ጉድለቱ በብረቱ ብዛት ልክ መሆኑ ነው። ሽፋኑ ሲሳሳና ስፋቱም ወደ ማይክሮሜትር ሲወርድ ከማዕበሉ የሚወስደው ጉልበት ከምንም የማይቆጠር ይሆናል፤ ሣጥኑ ከነማዕበሉ ትልቅ፣ ናሙናው ኢምንት። ለናኖ ዓለም ይህ ዘዴ አይመችም።

ሌላኛው መንገድ የሚነሳው ከአንድ የቆየ ግኝት ነው። ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባሉት፣ የኒኬልና የብረት ሬዚስታንስ ብረቱ ማግኔት በሆነበት አቅጣጫ እንደሚለያይ በ1857 አሳተሙ። ከረንቱ ከማግኔትነቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ ሬዚስታንሱ ከፍ ይላል፤ ሲያቋርጠው ዝቅ ይላል። በፐርማሎይ ሽፋን ላይ ልዩነቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል እንጂ ብዙ ሥራ ሠርቷል። የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ማንበቢያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሠራው በዚህ ነው። ከመናኸሪያው ከሚወጡት አዳዲስ ተሽከርካሪዎች በከፊሎቹ የጎማውን ፍጥነት ለኤቢኤስ ፍሬን የሚናገረው ሴንሰር ውስጥም ይህን የመሰለ ሽፋን አለ። በአንዳንድ ስልኮች ኮምፓስ ውስጥም እንዲሁ። ስልኩን ከአውቶቡሱ ቆርቆሮ ጋር አስጠግቶ ካርታ የከፈተ ተሳፋሪ ቀስቷ አቅጣጫ ስትስት ያያል፤ ብረቱ በአካባቢው ያለውን መስክ ስለሚያጣምመው ነው።

አሁን ሁለቱን እናገናኛቸው። ስፒኖቹ በሬዞናንስ ሲዞሩ የማግኔትነቱ አቅጣጫ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል። አቅጣጫው ሲወዛወዝ ሬዚስታንሱም በዚያው ምት፣ በሰከንድ 5 ቢሊዮን ጊዜ፣ ከፍና ዝቅ ይላል። ማይክሮዌቩ ደግሞ በሽፋኑ ውስጥ በዚሁ ምት ወዲያና ወዲህ የሚል ከረንት ያስነሳል። አንድ ምት ያላቸው ሁለት ውዝዋዜዎች በአንድ ብረት ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው።

ከዚህ የሚወለደውን ለማየት የመናኸሪያውን በር እናስብ። ሕዝቡ በአንድ ምት ወደ ውጭ፣ በሚቀጥለው ምት ወደ ውስጥ ይገፋል እንበል፤ ግፊያው በሁለቱም በኩል እኩል ነው። በሩ ሁልጊዜ እኩል ከተከፈተ የወጣውና የገባው ይጠፋፋል፤ ማንም የትም አልደረሰም። ዘበኛው ግን ምቱን ጠብቆ ወደ ውጭ ሲገፉ በሩን ሰፋ፣ ወደ ውስጥ ሲገፉ ጠበብ ቢያደርገው ውጭ ያለው ሰው እየበዛ ይሄዳል። ዘበኛው በግማሽ ዙር ቢያረፍድ ተቃራኒው ይሆናል፤ ሰው ወደ ውስጥ ይጠራቀማል። በሩብ ዙር ቢያረፍድ ደግሞ በየዙሩ የሚተርፈውና የሚጎድለው እኩል ስለሚሆን ለውጥ የለም። ሕዝቡ የማይክሮዌቩ ከረንት ነው፣ በሩ የሽፋኑ ሬዚስታንስ ነው፣ የዘበኛው ማርፈድ ሬዚስታንሱ ከከረንቱ ምት ወደ ኋላ የሚቀርበት ልክ ነው፣ የተጠራቀመው ሰው ደግሞ በሽፋኑ ሁለት ጫፎች መካከል የሚታየው የማይወዛወዝ፣ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ነው።

ያ ቮልቴጅ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠረውን ዙረት ተሸክሞ ዝም ብሎ የቆመ ቁጥር ነው። ፈጣን መሣሪያ አያስፈልገውም፣ ሣጥንም አያስፈልገውም። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ በብረቱ ብዛት ላይ የተንጠለጠለ አለመሆኑ ነው፤ ሽፋኑ ወደ ቀጭን መስመር ቢቆረጥ በውስጡ የሚያልፈው ከረንት ስለሚጠጋጋና ሬዚስታንሱም ስለሚጨምር ምልክቱ ሊጎላ ይችላል። በሣጥኑ ዘዴ ናሙናን ማሳነስ ኪሳራ ነበር፤ እዚህ ጥቅም ሆነ።

ሽፋኑ ስስ መሆን ያለበት ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮዌቭ ወደ ብረት ጠልቆ አይገባም። በመዳብ ውስጥ እንኳ በ10 ጊጋኸርዝ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ ይዘልቅና ይጠፋል፤ ማግኔት በሆነ ብረት ውስጥ ሬዞናንስ ላይ ሲደረስ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ወፍራም ብረት ላይ ገጹ ብቻ ይወዛወዛል፣ ሆዱ ምንም አይሰማም። 20 ናኖሜትር ሽፋን ግን ከላይ እስከ ታች በአንድነት ይወዛወዛል፤ ከውስጡ የሚወጣው ቁጥርም የሁሉም ነው።

ይህን ሁሉ በመጀመሪያ በወረቀት ላይ ያሰሉት ሄልሙት ጁሬትሽኬ ናቸው። በአሜሪካ በብሩክሊን ፖሊቴክኒክ ያስተምሩ ነበር። ጽሑፋቸው የታተመው በ1960 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1952 ዓ.ም.፣ ሐዋሳ ራሷ በተቆረቆረችበት ዘመን። ከሦስት ዓመት በኋላ ከኢገን ጋር ሆነው በስስ የኒኬል ሽፋን ላይ ቮልቴጁን ለክተው አሳዩ። ሥራው የተሟላ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ያህል ብዙ ፈላጊ አላገኘም። ለምን? በዚያን ጊዜ ሽፋንን በማይክሮሜትር ልክ ቆርጦ መሥራት ቀላል አልነበረም፤ ሰፊ ናሙና ላለው ሰው ሣጥኑ ይበቃው ነበር። መልሱ ጥያቄውን ቀድሞ የመጣበት አጋጣሚ ይመስለኛል።

ጥያቄው የመጣው በ2000ዎቹ ነው። በኤሌክትሮን ቻርጅ ብቻ ሳይሆን በስፒኑም መረጃ ለመያዝ የሚሠራው መስክ፣ ስፒንትሮኒክስ፣ ሲስፋፋ ተመራማሪዎች መቶ ናኖሜትር በማትሞላ ነጥብ ውስጥ ስፒን እንዴት እንደሚዞር ማወቅ ፈለጉ። በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ሁለት ማግኔቶች በመካከላቸው ስስ ማገጃ ይዘው በተነባበሩበት ጥቃቅን ክፍል ላይ ማይክሮዌቭ ልከው ቀጥተኛ ቮልቴጅ አወጡ፤ ስፒን-ቶርክ ዳዮድ ብለው ሰየሙት። በተከታዮቹ ዓመታት በካናዳ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ የካን-ሚንግ ሁ ቡድን ነገሩን በአንድ ተራ የፐርማሎይ መስመር ላይ በጥልቀት አጠና። የጁሬትሽኬ ስም ከመደርደሪያ ወርዶ ዳግም መጠቀስ ጀመረ።

አሁን ያ አሳሳች ነገር። ከሬዞናንስ የሚወለድ ቀጥተኛ ቮልቴጅ አንድ ምንጭ ብቻ ቢኖረው ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ሌላ ምንጭ አለ። ሰርኮቭንያክ፣ ብራታስና ባወር የተባሉ ሦስት የቲዎሪ ሰዎች በ2002 እንዳሳዩት፣ የሚዞረው ማግኔት አጠገቡ ወደተነጠፈው ሌላ ብረት፣ ለምሳሌ ወደ ፕላቲነም፣ ስፒን ይገፋል። ቻርጅ ሳይሄድ ስፒን ብቻ ይሻገራል። ፕላቲነም ደግሞ ከባድ አቶም ስለሆነ የተሻገረውን ስፒን ወደ ጎን አጥፎ ወደ ተራ ከረንት ይለውጠዋል። በ2006 ኢጂ ሳይቶና ባልደረቦቻቸው በጃፓን ይህን በፐርማሎይና በፕላቲነም ድርብ ሽፋን ላይ በቮልቴጅ አነበቡ። ግኝቱ ትልቅ ነበር፤ የማይታየው የስፒን ፍሰት በሁለት ሽቦ ተነበበ።

ነገር ግን የታችኛው ፐርማሎይ ራሱ ማይክሮዌቭ እየነካው ነው፤ የመናኸሪያው በር እዚያ ውስጥም ይከፈትና ይዘጋል። ታዲያ የሚነበበው ቮልቴጅ የየትኛው ነው? ሁለቱም በአንድ መስክ ላይ ይነሳሉ፣ ሁለቱም ማይክሮዌቩ ሲጨምር ይጨምራሉ። መስኩን ወደ ተቃራኒ ብናዞረው የፕላቲነሙ ቮልቴጅ ምልክቱን ይገለብጣል፤ ይህ ይለያቸዋል ብሎ ያሰበ ሰው ይሳሳታል፣ ምክንያቱም በተለመደው አቀማመጥ የፐርማሎዩም እኩል ይገለበጣል። በብራዚል ሬሲፌ ከተማ የአዜቬዶና የሬዜንዴ ቡድን በ2005 ተመሳሳይ ቮልቴጅ ለክቶ ያሳተመው ጽሑፍ ርዕስ በጥያቄ ምልክት ያበቃል፤ የስፒን ግፊያ ማስረጃ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ያን የጥያቄ ምልክት ሁልጊዜ አደንቀዋለሁ። ቁጥሩን ይዞ ምንጩን ለመናገር አለመቸኮል የዚህ ዘዴ ትልቁ ሥነ ምግባር ነው።

መቸኮል ምን እንዳስከተለ ደግሞ ታይቷል። ፕላቲነም ስፒንን ወደ ከረንት የሚለውጥበት መጠን በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ተለክቶ ከ1 በመቶ በታች እስከ 10 በመቶ በላይ ተዘግቧል። ብረቱ ያው ብረት ነው። ለልዩነቱ የሽፋኑ ጥራትና ንጽሕና ድርሻ አላቸው፤ ሁለቱን ቮልቴጆች በትክክል አለመለየትም ድርሻ አለው።

መለያው ያለው በቅርጹ ነው። የማግኔቱን መስክ ቀስ እያሉ ሲጨምሩ ቮልቴጁ ዜሮ አካባቢ ይቆያል፤ 31 ሚሊቴስላ ሲቃረብ ይነሳል፤ አልፎ ይመለሳል። ከስፒን ግፊያ የሚመጣው ምንጊዜም ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ጉብታ ነው። በሬዚስታንስ የሚመጣው ግን ዘበኛው ምን ያህል እንዳረፈደ ይወስነዋል፤ አንዳንዴ ጉብታ፣ አንዳንዴ በአንድ በኩል ወጥቶ በሌላው የሚሰምጥ ማዕበል፣ ብዙ ጊዜ የሁለቱ ቅልቅል ነው። ስለዚህ የወጣና የሰመጠው ክፍል የስፒን ግፊያ እንዳልሆነ በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል፤ እኩል የሆነው ጉብታ ግን ከሁለቱም ሊሆን ይችላል። እሱን ለመፍታት ሽፋኑን ከመስኩ አንጻር ደረጃ በደረጃ እያዞሩ ቮልቴጁ ከአንግሉ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ መከታተል ያስፈልጋል። የማኒቶባው ቡድን በ2013 መስኩን ከሽፋኑ ገጽ ወደ ላይ በማውጣት የሁለቱ ሲሜትሪ የሚለያይበትን መንገድ አሳትሟል። ሙቀትም አለ፤ ማይክሮዌቭ አንዱን ጫፍ ከሌላው አብልጦ ካሞቀ ከሙቀት ልዩነት ብቻ ቮልቴጅ ይነሳል። ይህን ሁሉ ሳያጣራ ውጤት የሚያሳትም ሰው ባለሙያ ነው ለማለት ይከብደኛል።

እንግዲህ ይህ ዘዴ ምን ዕቃ ይፈልጋል? በሐዋሳ ሁኔታ እናስላው። ኤሌክትሮማግኔቱን መናኸሪያው አካባቢ ካሉት ሞተርና ዲናሞ ጠምጣሚዎች አንዱ ሊሠራው ይችላል ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ። ሁለት ሳንቲሜትር ክፍተት ባለው የብረት ቀንበር ውስጥ 0.1 ቴስላ ለማግኘት 1,600 አምፔር-ዙር ያህል ይበቃል። በሁለቱ ክንዶች ላይ 400፣ 400 ዙር ተጠምጥሞ 2 አምፔር ቢለቀቅበት ደረሰ ማለት ነው፤ ብረቱ ለሚያስቀረው ትንሽ ይጨመርበታል። ሽቦው እንዳይግል ወፈር ማለት አለበት፤ ይህን ለጠምጣሚ ማስተማር አያስፈልግም። 0.1 ቴስላ ለ5 ጊጋኸርዝ ከበቂ በላይ ሲሆን እስከ 9 ጊጋኸርዝ ያደርሳል። የሐዋሳ የመሬት መስክ በዚህ ላይ የሚያመጣው ስህተት ከ31 ሚሊቴስላው አንድ ሺኛ ያህል ነው፤ መስኩን በሁለቱም አቅጣጫ ለክቶ አማካዩን በመውሰድ እሱንም ማጥፋት ይቻላል።

ማይክሮዌቭ አመንጪው ገንዘብ ይጠይቃል፤ ግን እንደ ሬዞናንስ ሣጥኑና አጃቢዎቹ አይደለም። ማዕበሉ በኬብል መጥቶ ጠባብ የመዳብ መስመር ባለበት ቦርድ ላይ ያልፋል፤ ሽፋኑ በስስ ማገጃ ተለይቶ በመስመሩ ላይ ይጋደማል። ከሽፋኑ ሁለት ጫፎች ሽቦ ማውጣት ሲያስፈልግ ካውያ የሚያነሳ ሰው ናሙናውን ያጣል፤ መቶ የአቶም ንብርብር የካውያን ሙቀት አይችልም። በብር ቅንጣት የተሠራ ቀለም ጠብ አድርጎ ማድረቅ ይሻላል።

ከዚያ ንባቡ። የሚጠበቀው ቮልቴጅ ጥቂት ማይክሮቮልት ነው። የስልክ ጠጋኙ ቴስተር የሚያየው ትንሹ እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አሥረኛ ሚሊቮልት በመሆኑ 5 ማይክሮቮልት ከዚያ ሃያ ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ ሎክ-ኢን ማጉያ ያስፈልጋል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ማይክሮዌቩን በሰከንድ ጥቂት ሺህ ጊዜ ማብራትና ማጥፋት፤ ማጉያው በዚያው ምት የሚመጣና የሚሄደውን ቮልቴጅ ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላውን ሁሉ ይጥላል። የመብራቱ መስመር በ50 ኸርዝ የሚያንሾካሹክ ስለሆነ የማብሪያ ማጥፊያው ምት የ50 ብዜት እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። የመሬት ሽቦው በደንብ ካልተሠራ ደግሞ የትኛውም ማጉያ አያድንም።

የሚከብደው ሽፋኑ ነው። 20 ናኖሜትር ፐርማሎይ ለማንጠፍ አየሩ የተመጠጠ ክፍል፣ ጥሩ ፓምፕና የፓምፑን ዘይትና ማኅተም የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። መብራት በሥራ መሐል ቢጠፋ ሽፋኑ ይበላሻል። እዚህ ላይ ልመክር የምችለው ማንጠፊያውን ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ እንዲይዙት፣ መለኪያውን ግን እያንዳንዱ ለብቻው እንዲያቆም ነው። አንድ ጊዜ ሽፋኑ የተነጠፈበት መስታወት በመቶ ቁራጭ ተቆርጦ በፖስታ ሊከፋፈል ይችላል፤ አንድ ቁራጭ አንድ የማስተርስ ተማሪን ለዓመት ያሠራል።

ተማሪው ከዚያ ቁራጭ ምን ያገኛል? በመጀመሪያ በአራት ወይም በአምስት ፍሪኩዌንሲ ለክቶ ሬዞናንሱ የት የት መስክ ላይ እንደሚነሳ ይመዘግባል። በኪተል ቀመር ውስጥ ሲያስገባቸው የሽፋኑ ማግኔትነት ስንት እንደሆነ ይወጣል፤ ከ1 ቴስላ በጣም ካነሰ ሽፋኑ ዝጓል ወይም ቅይጡ ተዛብቷል። ቀጥሎ የጉብታውን ስፋት ያያል። ጥሩ ፐርማሎይ በ5 ጊጋኸርዝ 3 ሚሊቴስላ ገደማ ስፋት ይኖረዋል፤ ስፋቱ ከፍሪኩዌንሲው ጋር እንዴት እንደሚያድግ ሲታይ ስፒኖቹ ዙረታቸውን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያረግቡ ይነገራል። ይህ ቁጥር ለፐርማሎይ 0.008 አካባቢ ሲሆን፣ መብራት ቢጠፋም የማይረሳውን የማግኔት ሚሞሪ የሚሠሩ ኢንጂነሮች በቅድሚያ የሚጠይቁት እሱን ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አንዷን የሚሞሪ ነጥብ ለመገልበጥ የሚፈጀው ከረንት ያንሳልና። ከዚያ በኋላ ተማሪው በሌላ ቁራጭ ላይ ፕላቲነም አስነጥፎ ስፋቱ ምን ያህል እንደጨመረ ያወዳድራል። ጭማሪው ወደ ፕላቲነሙ የተሻገረው ስፒን ከማግኔቱ የወሰደው ነው፤ ከቮልቴጁ ውጭ በሌላ መንገድ የተገኘ ምስክር ስለሆነም የጉብታው ምንጭ ማን እንደሆነ ለመፍረድ ከአንግሉ መዝገብ ጎን ይቀመጣል።